በረዶና ድስት ይዛችሁ ግቡ፦ ሙቀት እንዴት እንደሚተላለፍ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ማስተማር

አብዛኛው የሙቀት ትምህርት የሚጀምረው በሦስት ስሞች ነው። መምህሩ ይገባል፣ ሰሌዳው ላይ ኮንዳክሽን፣ ኮንቬክሽን፣ ራዲየሽን ብሎ ይጽፋል፣ ከየሥራቸው አንድ አንድ መስመር ትርጉም ያሰፍራል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ይደወላል። ፈተና ላይ ሦስቱንም ጥርት አድርገው ይጽፉላችኋል። ከዚያ ግን እስቲ "ጋቢ ለምን ያሞቃል?" ብላችሁ ጠይቋቸው። "ጋቢ ሙቀት ስላለው" ይሏችኋል። ስሞቹን ይዘዋል፣ ነገሩን አልያዙም።

ስለዚህ ስሞቹን ለመጨረሻ አቆዩዋቸው። ልጆቹ ጭንቅላት ውስጥ መጀመሪያ መግባት ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል፣ ሁለቱ እኩል እስኪሆኑ ድረስ። ከበረዶ ወጥቶ ወደ እጃችን የሚመጣ "ብርድ" የሚባል ነገር የለም፤ እጃችን ነው ሙቀቱን እየሰጠ ያለው። ይህቺን ከያዙ የቀረው ሙቀቱ በየት በኩል ሄደ የሚል ጥያቄ ብቻ ይሆናል። ባለ 40 ደቂቃ ከሆነ አራት ክፍለ ጊዜ ይበቃል፣ ዕቃውም ከቤትና ከሰፈር ሱቅ አያልፍም።

ዴስኩን አስነኳቸው

የመጀመሪያው ሙከራ ምንም አይፈልግም። ብዙ ትምህርት ቤት ያለው ዴስክ እግሩ ብረት፣ ላዩ እንጨት ነው። ጠዋት፣ ክፍሉ ገና ሳይሞቅ፣ አንድ እጃቸውን ብረቱ ላይ ሌላውን እንጨቱ ላይ እንዲያደርጉ ንገሯቸው። የቱ ይቀዘቅዛል? ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ብረቱ!" ይላል። አትከራከሯቸው። እንዳሉት ሰሌዳው ላይ ጻፉትና ተዉት።

አሁን በረዶውን አውጡ። ፍሪጅ ካለው ሱቅ ወይም ከቤት በፔርሙስ ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ። አንድ የእንጨት መክተፊያና አንድ ተገልብጦ የተቀመጠ የአልሙኒየም ድስት ያስፈልጋችኋል፤ ሁለቱም ክፍሉ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት የቆዩ ይሁኑ፣ አለበለዚያ ከውጭ ይዘውት የመጡት ሙቀት ነገሩን ያበላሸዋል። ልጆቹ ሁለቱንም ይንኩ። ድስቱ ይቀዘቅዛል ይላሉ። ከዚያ እኩል የሆኑ ሁለት በረዶዎች እያሳያችሁ "የትኛው ላይ ያለው ቶሎ ይቀልጣል?" በሏቸው። እጅ አስወጡና ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ይህቺን እንዳትዘሉ፤ ገምቶ ያልተሳሳተ ልጅ የሚገርመው ነገር የለም። አብዛኛው "መክተፊያው ላይ ያለው" ይላል፣ ድስቱ ቀዝቃዛ ነዋ!

አስቀምጡት። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ድስቱ ላይ ያለው በረዶ በገዛ ውሃው ላይ መንሸራተት ይጀምራል። መክተፊያው ላይ ያለው ጥግ ጥጉ ገና እንደሾለ ነው። ከኋላ ያሉት ቆመው ማየት ይፈልጋሉ፤ ይቁሙ።

እዚህ ጋ መምህር የሚቸኩለው ለማብራራት ነው። አትቸኩሉ። "ቀዝቃዛው ድስት በረዶ ካቀለጠ፣ እውነት ቀዝቃዛ ነው?" ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። እርስ በርስ ይጨቃጨቁ። አንዱ "ድስቱን ቅድም በእጃችን አሙቀነው ነው" ይላል፣ ጥሩ መላምት ነው፣ ሳይነካ የቆየ ሌላ ድስት አምጡና ድገሙት። ሌላዋ "ብረት ይስባል" ትላለች፣ እሷ ወደ መልሱ ቀርባለች።

መልሱ ይኸው ነው። ድስቱም መክተፊያውም ክፍሉ ውስጥ ስለቆዩ እኩል ሙቀት ላይ ናቸው። የእጃችን ቆዳ 30 ዲግሪን አለፍ ስለሚል ከሁለቱም ይሞቃል፣ ስለዚህ ለሁለቱም ይሰጣል። እንጨቱ የተቀበለውን ሙቀት ወዲያ አያሳልፈውም፤ የነካነው ቦታ ብቻ ቶሎ ይሞቅና እጃችን መስጠቱን ይቀንሳል። ብረቱ ግን የተቀበለውን ወዲያው ወደ ውስጥ ያሳልፋል፣ እጃችንም እየሰጠ ይቀጥላል። ቆዳችን "ቀዘቀዘኝ" ብሎ የሚነግረን ሙቀቱ ከእኛ የሚወጣበትን ፍጥነት ነው እንጂ የዕቃውን ዲግሪ አይደለም። በረዶው ላይ ሲሆን ነገሩ ተገለበጠ፤ ሰጪው ድስቱ ሆነ፣ ሲሰጥም እንደዚያው ፈጣን ነው። አልሙኒየም ሙቀት በማሳለፍ ከእንጨት ከሺህ እጥፍ በላይ ይበልጣል።

መግባቱን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃል። አፋር ላይ፣ 45 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ፣ ያው ዴስክ ቢነካ የቱ የሞቀ ይመስላል? "አሁንም ብረቱ ይቀዘቅዛል" ያለ ልጅ ቃሉን ሸምድዷል። "አሁን ብረቱ ያቃጥላል፣ ምክንያቱም አሁን ሰጪው እሱ ነው" ያለ ገብቶታል።

ሽቦና ምስር

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሙቀት በጠጣር ነገር ውስጥ ሲሄድ በዓይን ይዩት። ወፈር ያለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላስቲኩን ልጣችሁ መዳቡን አውጡ፣ በተመሳሳይ ውፍረትና ርዝመት የብረት ሽቦም ያዙ። በሁለቱም ላይ የጣት ስፋት ያህል እያራራቃችሁ የሻማ ጠብታ አንጠብጥቡና ሳይደርቅ በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ፍሬ ምስር ለጥፉ። ጫፋቸውን በእንጨት የልብስ መቆንጠጫ ያዙና ሌላኛውን ጫፍ አንድ ሻማ ላይ አብራችሁ ደቅኑ። ከሥር ካርቶን አንጥፉ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ይመርቋችኋል።

ምስሮቹ ከእሳቱ ቅርብ ካለው ጀምረው በተራ ይወድቃሉ። የመዳቡ ይቀድማሉ፤ መዳብ ከብረት 5 እጥፍ ገደማ ያስተላልፋል። የሚገርመው ከመዳቡ ሁሉም ረግፈው ከብረቱ የመጨረሻዎቹ ጨርሶ ላይወድቁ ይችላሉ፣ ምክንያቱም ሽቦው በመንገድ ላይ ለአየሩም እየሰጠ ነው። ይህ ሙከራ የቆየ ነው፤ ኔዘርላንዳዊው ሐኪም ያን ኢንገንሃውስ በ18ኛው መቶ ዘመን የተለያዩ ብረቶችን በሰም ቀብቶ ያወዳደረበት ዘዴ ዘመድ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ስለ ቅንጣቶች ማውራት ያለባችሁ። የጋለው ጫፍ ላይ ያሉት ቅንጣቶች በኃይል ይንቀጠቀጣሉ፣ ጎረቤታቸውን ይገፋሉ፣ ጎረቤት የሚቀጥለውን ይገፋል። ማንም ከቦታው አልተነሳም፤ የተላለፈው መንቀጥቀጡ ነው። (በመዳብና በአልሙኒየም ውስጥ ልል የሆኑ ኤሌክትሮኖችም ስላሉ ነው እንዲህ የሚፈጥኑት። ይህቺን ለሚጠይቅ ልጅ ብቻ ንገሩት፣ ሁሉንም አታስጨንቁበት።)

ብዙ መምህራን እዚህ ጋ ጠመኔ ከእጅ ወደ እጅ የማስተላለፍ ጨዋታ ያጫውታሉ። ተቀምጠው ሲቀባበሉ ኮንዳክሽን፣ አንዱ ይዞ ሲሄድ ኮንቬክሽን፣ ሲወረውር ራዲየሽን። እኔም አልጠላውም፣ ልጆቹ ይዝናናሉ። ግን ሙቀት እንደ ጠመኔ የሚጨበጥ ነገር ነው የሚል ሐሳብ ይተክላል፣ ያን ሐሳብ ደግሞ ሳይንስ ራሱ ለመንቀል ብዙ ደክሟል። ራምፎርድ የሚባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1798 መድፍ ሲቦረቦር እያየ፣ ቡርቦራው እስከቀጠለ ድረስ ሙቀቱ የማያልቅ ከሆነ እንዴት ብረቱ ውስጥ የተቀመጠ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል ብሎ ተከራክሯል። ጨዋታውን ከተጫወታችሁ በኋላ "ጠመኔው የማይመስለው የቱ ላይ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ያኔ ይካካሳል።

የቀይ ሥር ውሃ

ፈሳሽ ላይ ሲደረስ ልጆቹ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘው ይመጣሉ፦ "ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል።" ግማሽ እውነት ነው። ሽቦው ላይ ሙቀቱ ወደ ጎን ሲሄድ አይተዋል። ወደ ላይ የሚወጣው የሞቀው ውሃ ወይም የሞቀው አየር ነው፤ እሱም ራሱን ችሎ አይወጣም፣ ቀዝቃዛውና ከባዱ ከሥሩ እየገባ ያነሳዋል።

ሃይላንድ ከአንገቱ በታች ቁረጡና ቀዝቃዛ ውሃ ሙሉበት። ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ በቀይ ሥር ቀለም ያገኘ ሙቅ ውሃ ጨምሩ፣ አንገቱን በክር አስራችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ታች አውርዱት። ቀዩ ከብልቃጡ እየተጥመዘመዘ ወጥቶ ላይ ይተኛል። ቀለሙን ቀጠን አድርጉት፤ ከበዛ ራሱ ውሃውን ያከብደውና ሙከራው ይበላሻል። ከነጭ ወረቀት ፊት ለፊት ካስቀመጣችሁት ከሩቅ ይታያል።

እሱ ከታየ በኋላ ተቃራኒውን አሳዩ። ቀድማችሁ ያንኑ ቀጠን ያለ የቀይ ሥር ውሃ በረዶ አድርጉ። ለብ ያለ ውሃ ላይ ጣሉት። በረዶው ይንሳፈፋል፣ ከሥሩ ግን ቀይ ክር እየተመዘዘ ወደ ታች ይወርዳል። ከሁሉም የምወደው ይሄ ነው፤ ወረደ የሚባለውን ቀዝቃዛ ውሃ በዓይን ማየት ይቻላል ብሎ ያሰበ ልጅ አይኖርም። ከዚያ በድስት ውስጥ ውሃ ከሥር ሲጣድ የሚሆነውን ራሳቸው በቀስት ይሥሉት። አትሣሉላቸው።

ለአየር ደግሞ ወረቀት እንደ ቀንድ አውጣ ጠምዝዛችሁ ቁረጡና በክር አንጠልጥሉት፣ ከሥሩ ሻማ ያዙ። ይሽከረከራል። ቢያንስ ሁለት ስንዝር ይራቅ።

ከሰሉን ውጭ

ራዲየሽን የሚከብዳቸው ዓይን ላይ የሚታይ መንገደኛ ስለሌለው ነው። የከሰል ምድጃ አያይዙ፣ ግን ውጭ፣ ግቢው ውስጥ። መስኮት የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማለት ካርቦን ሞኖክሳይድ ማለት ነው፣ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ይህንንም ንገሯቸው፣ ቤታቸው ይጠቅማል። ነጠላና ሻሽ ያደረጉ፣ ፀጉራቸውን የለቀቁ ልጆች ይሰብስቡት።

ከሰሉ ሲፋፋም በተራ እጃቸውን ከምድጃው ጎን፣ አንድ ክንድ ያህል ርቀው ይዘርጉ። ይሞቃቸዋል። ታዲያ ቅድም የሞቀ አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው አላልንም? ወደ ጎን ይህን ማን አመጣው? አየሩ እንዲያውም ከጎን ወደ እሳቱ እየገባ ነው። አሁን በእጃቸውና በከሰሉ መካከል ካርቶን አስገቡ። ሙቀቱ ወዲያው ይቋረጣል። ስታወጡት ወዲያው ይመለሳል። የሞቀ አየር ቢሆን ኖሮ እንዲህ ብልጭ ድርግም አይልም ነበር። እንደ ብርሃን በቀጥታ የሚጓዝ፣ እንደ ብርሃን የሚጋረድ ነገር ነው።

ፀሐይን የምታነሱት እዚህ ጋ ነው። በእኛና በእሷ መካከል 150 ሚሊዮን ኪሎሜትር ገደማ አለ፣ አብዛኛው ባዶ ነው። የሚነካካ ቅንጣት የለም፣ የሚሽከረከር አየር የለም፣ ሙቀቷ ግን በ8 ደቂቃ ከምናምን ይደርሰናል። ፍላጎት ያላቸው ልጆች ካሉ ስለ ዊሊያም ሄርሼል ንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር እያስቀመጠ ሲለካ፣ ከቀዩ አልፎ ምንም ብርሃን በማይታይበት ቦታ ያለው ቴርሞሜትር ከሁሉም በልጦ አገኘው። ዛሬ ኢንፍራሬድ የምንለው ያ ነው። ከሰሉ ቀይ መሆኑን ካቆመ በኋላም እጃችንን የሚያሞቀው እሱ ነው።

ቀጥሎ ሁለት የቲማቲም ጣሳ። ወረቀቱን ልጣችሁ አንዱን በሻማ ጥላሸት አጥቁሩ፣ ሌላውን እንዳብረቀረቀ ተዉት። እኩል ውሃ፣ የካርቶን ክዳን፣ ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ። ጥቁሩ ይበልጣል፣ ይህን ይገምታሉ። የማይገምቱት የሚቀጥለውን ነው፦ ሁለቱም ውስጥ ሙቅ ውሃ ጨምራችሁ ጥላ ሥር ብታስቀምጡ ቀድሞ የሚቀዘቅዘውም ጥቁሩ ነው። በደንብ የሚቀበል በደንብ ይሰጣል። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ በእጅ አይለይም፣ ቴርሞሜትር ይፈልጋል።

ስለ ቴርሞሜትር ካነሳን፣ የሕክምናውን እንዳትጠቀሙ። የተሠራው ለሰውነት ነው፣ 42 ዲግሪ አካባቢ ያበቃል፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ብትከቱት ሊፈነዳ ይችላል፣ ሜርኩሪ ያለበት ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የላቦራቶሪው እስከ 110 የሚደርስ አለ። እሱን አዲስ አበባ ላይ የፈላ ውሃ ውስጥ ብታስገቡት 92 ገደማ ያነባል፣ ልጆቹም "መጽሐፉ 100 ነው የሚለው፣ ተበላሽቷል" ይላሉ። አልተበላሸም። ከተማው ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል የአየር ግፊቱ ያነሰ ነው፣ ውሃ በቀላሉ ይፈላል። ከርዕሱ ትንሽ ይወጣል፣ ግን ልጅ የለካውን ሐሰት ነው ብሎ ከሚሄድ አምስት ደቂቃ ማጥፋት ይሻላል።

ጋቢው በረዶውን ያቀልጠዋል?

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የጋቢ ነው። ሁለት እኩል በረዶ በሁለት ትንንሽ ላስቲክ ውስጥ ቋጥሩ። አንዱን ጠረጴዛ ላይ ተዉት፣ ሌላውን በጋቢ ደህና አድርጋችሁ ጠቅልሉት። የቱ ቀድሞ ይቀልጣል? እጅ አስወጡ። እስከዚህ ድረስ አብረዋችሁ ከመጡት ውስጥ እንኳ ብዙዎቹ "ጋቢው ውስጥ ያለው" ይላሉ። ለምን ሲባሉ "ጋቢ ስለሚያሞቅ።" ያ የመጀመሪያ ቀን መልስ አልሞተም ማለት ነው፣ አትናደዱ፣ እንዲህ ያለ ሐሳብ በአንድ ሙከራ አይሞትም።

ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ፍቱት። ጠረጴዛው ላይ ያለው ውሃ ሆኗል ወይም ሊሆን ነው፣ ጋቢው ውስጥ ያለው ገና ጓል ነው። ጋቢው ውስጥ እሳት የለም። ያለው ጥጡ መካከል ተይዞ የቆመ አየር ነው፣ የቆመ አየር ደግሞ ሙቀት በማስተላለፍ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነው። ሰው ውስጡ ሲገባ የሰውየውን ሙቀት እንዳይወጣ ይይዛል፤ በረዶ ሲገባ የውጭውን እንዳይገባ ይይዛል። እሱ የማንም ወገን አይደለም። ጋቢው ሲረጥብ ለምን ይበርዳል ብለው ከጠየቁ፣ አየሩን ውሃ ተክቶታል፣ ውሃ ደግሞ ከቆመ አየር ከ20 እጥፍ በላይ ያሳልፋል፤ ሲተንም ተጨማሪ ሙቀት ይዞ ይሄዳል።

ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ፍሬደሪክ ቱዶር የሚባል ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1833 ከቦስተን ወደ ካልካታ በመርከብ በረዶ ልኮ ነበር። አራት ወር ገደማ፣ የምድር ወገብን ሁለት ጊዜ አቋርጦ። 180 ቶን ያህል ተጭኖ 100 ቶን የሚሆነው ደረሰ። በረዶውን ያዳነው ሰጋቱራና መሰል ነገር ነው። ይህን ስትነግሯቸው ሰፈራቸው ያለው እንጨት ቤት ትዝ ይላቸዋል፣ በሚቀጥለው ቀን ሰጋቱራ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም።

አሁን ስሞቹን ስጡ። ሽቦው ላይ ያያችሁት ኮንዳክሽን፣ ቀይ ሥሩ ኮንቬክሽን፣ ከሰሉ ራዲየሽን። አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ የሚለጠፍበት ነገር ስላለ። ፔርሙስ ካላችሁ ክፈቱና ሦስቱንም እንዴት እንደሚዘጋ ይፈልጉ፦ በሁለቱ ግድግዳ መካከል አየሩ ተመጦ ወጥቷል፣ ውስጡ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፣ አፉ ላይ ክዳን አለ። ሐሳቡን ያመጣው ጄምስ ዴዋር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1892፣ ለሻይ ሳይሆን እጅግ የቀዘቀዙ ጋዞችን ለማቆየት።

60 ተማሪ ካላችሁ

ሁሉም በአንዴ ላይታይ ይችላል። በረዶውንና ጋቢውን በቡድን በቡድን ማድረግ ይቻላል፣ ርካሽ ነው። ከሰሉና ሻማው ግን በእናንተ እጅ ይሁን፣ እየተፈራረቁ ይምጡ። የሚጠብቀው ቡድን ሥራ ከሌለው ይረብሻል፣ ስለዚህ ግምታቸውን ከነምክንያቱ ደብተራቸው ላይ እየጻፉ ይጠብቁ። የተሳሳተውን እንዳያጠፉት ከልክሉ፣ ከሥሩ ያዩትን ይጻፉ።

ፈተና ላይ "ሦስቱን የሙቀት መተላለፊያ መንገዶች ዘርዝር" አትበሉ። ይህንን ስጡ፦ "ከቀትር በኋላ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ክፍል ውስጥ ለምን ይሞቃል? ኮርኒስ ቢሠራለት ምን ይለወጣል?" የምትፈልጉት መልስ ይህን የመሰለ ነው። የፀሐይ ጨረር ቆርቆሮውን ያሞቀዋል፣ ቆርቆሮው ስስና ብረት ስለሆነ ሙቀቱ ወዲያው ወደ ውስጠኛው ገጹ ያልፋል፣ ያ ገጽ ደግሞ ልክ እንደ ከሰሉ ወደ ታች ወደ ተቀመጡት ልጆች ይረጫል። ከቆርቆሮው ሥር የሞቀው አየር ላይ ስለሚቀር ብዙም አይወርድም። ኮርኒስ ሲሠራ ጨረሩን እንደ ካርቶኑ ይጋርደዋል፣ መካከል ላይም የቆመ አየር ያስቀምጣል። ከአሥር ከያዛችሁት፣ ሦስቱን ስሞች ብቻ ለደረደረ ሁለት፣ ስም ሳይጠራ መንገዱን በትክክል ለተከተለ ስምንት ስጡ።